ከስክሪን እስከ ምላጭ፦ ለታፔላ ቤታችን የዲዛይን ፕሮግራም ስንመርጥ

ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ኮምፒውተሩ ዛሬ ጠዋት አልነሳም አለ። መጀመሪያ ሰማያዊ ስክሪን፣ ቀጥሎ ጥቁር፣ ከዚያ ጭጭ። ጥገና የሚሠራልን ልጅ መጥቶ አየውና ራሱን ነቀነቀ። ከደንበኛ ፍላሽ የገባ ቫይረስ ነው አለ። ፎርማት ካልተደረገ መላ የለውም። ፋይሎቻችን በሌላ ሃርድ ዲስክ ተቀምጠዋል፤ ተመስገን ነው። የዲዛይን ፕሮግራሙ ግን አብሮ ሄደ።

ሄደ እላለሁ እንጂ ቀድሞም የእኛ አልነበረም። ክራክ ነው፤ ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚሠራ። ከሰው በፍላሽ የተቀዳ፣ «መጀመሪያ ፀረ ቫይረሱን አጥፉት» የሚል መመሪያ ያለው። በሩን ራስህ ከፍተህ ሌባ ገባብኝ አይባልም።

ልጁ «ጋሼ፣ አዲሱን ክራክ ልጫንልዎት?» አለኝ። አፌ ላይ እሺ የሚለው ቃል ደርሶ ነበር። ዛሬ ሰኞ፣ የገበያ ቀን ነው፤ ከገጠር የመጣ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ግን በዓመት ሁለት ጊዜ እንዲህ መሆን ሰለቸኝ። «ቆይ እስኪ» አልኩት።

ለማያውቀን ትንሽ ልንገር። ሱቃችን ደሴ ፒያሳ አካባቢ ነው። አባቴ በብሩሽ ታፔላ ሲጽፍበት የኖረ ቤት ነው። አሁን ባለ 72 ሳንቲም የስቲከር ካተር፣ ማለትም ስቲከር በምላጭ የሚቆርጥ ማሽን አለን። ባነር አናትምም፤ እዚሁ ከተማ ማተሚያ ያለው ሰው ጋ እንልካለን። አክሪሊክ የሚቆርጥ ሌዘርም የለንም፤ ኮምቦልቻ ወርደን እናስቆርጣለን። ስለዚህ አንድ ሥራ ከእኔ ስክሪን ተነስቶ ሦስት ማሽን ላይ ያርፋል። ከሦስቱ ሁለቱ የሰው ናቸው።

ሰው «የትኛው ፕሮግራም ይሻላል?» ብሎ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ የመሣሪያውን ብዛት ማለቱ ነው። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ፋይሉ ከእጄ ወጥቶ ሰው ማሽን ላይ ሲደርስ ያው ነው ወይ? ይህን ይዤ ልሞክር ብያለሁ። ያየሁትን እጽፋለሁ።

ጥር 7፣ ረቡዕ

እጩዎቹ ብዙ አይደሉም።

ኢሉስትሬተር በሙያው ትልቅ ስም ነው። ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን አዲሱ የሚገኘው በኪራይ ነው። በወር ከ20 ዶላር በላይ ይላል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላሩ በገበያ ዋጋ ሆኖ በዚህ ጥር 2017 ከ120 ብር አልፏል። እንግዲህ በትንሹ በወር ከ2,400 ብር በላይ ማለት ነው። እሱም ይሁን፤ የሚከፈለው በውጭ አገር በሚሠራ ካርድ ነው። የእኔ ካርድ ከባንኩ ማሽን አልፎ የትም አይሄድም።

ሌላም ነገር አለው። መደበኛ ገጹ ከ5 ሜትር ከ78 ሳንቲም አይበልጥም። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ትልቅ ገጽ መክፈት ይቻላል፤ በፊት ግን ስምንት ሜትር የሕንፃ ግንባር የሚሠራ ሰው በአንድ አሥረኛ አሳንሶ ይሠራ ነበር። አሁንም ብዙ ሰው ልማዱን አልተወም። ማተሚያ ቤት ሲደርስ «በአሥር አባዛው» ማለት የረሳ ሰው ምን እንደሚደርስበት መገመት ነው።

ኮረል ድሮው የካናዳ ነው፤ 1989 እ.ኤ.አ.። በእኛ ሙያ ውስጥ የተማርነው ሁሉ በእሱ ነው ማለት ይቻላል። ረዳት ስቀጥር «ኮረል ትችላለህ?» ነው የምለው። ገጹ እስከ 45 ሜትር ይሄዳል። አንድ ጊዜ ከፍለህ የራስህ የምታደርገው ቅጂም አለው። የክፍያው ጣጣ ግን ያው ነው።

ፍሌክሲ ለታፔላ ሥራ ተብሎ የተሠራ ነው። ይስላል፣ ያትማል፣ ይቆርጣል፤ ሁሉንም በአንድ ቤት። ማተሚያም ካተርም ላለው ሰው ይመጥነዋል። እኔ ያለኝ ካተር ብቻ ነው። ለአንዲት በግ በረት መሥራት መሰለኝ።

ኢንክስኬፕ ነፃ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ ብዙ ሰው በፈቃዱ የሚሠራው። 1.4 የሚባለው ቅጂው በጥቅምት 2017 ነው የወጣው። ክራክ አይፈልግም፤ የሚሰነጠቅ ነገር የለውማ።

አምስተኛው ከካተሩ ጋር በሲዲ የመጣው ነው። ከእሱ እንጀምር አልኩ፤ ቤት ያለ ነገር ነውና።

ጥር 9፣ ዓርብ

ሲዲ የሚያነብ ኮምፒውተር ፍለጋ ግማሽ ቀን ሄደ። ከጎረቤት ፎቶ ቤት ተገኘ።

ፕሮግራሙ ተጫነ። «ምግብ ቤት» ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ጥያቄ ምልክት፣ ክፍት ቦታ፣ ሁለት ጥያቄ ምልክት ወጣ። ፎንት ቀየርኩ፤ ጥያቄ ምልክቱ ወፈረ። ረዳቴ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ጋሼ፣ ምን እንብላ ብሎ ነው የሚጠይቀው» አለች።

ነገሩ ግልጽ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር ወደሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ የአማርኛ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ፊደል ወንበር ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ወንበሩም አይበቃም፤ 33 ፊደል በ7 ሲባዛ ብቻ 231 ነው፤ ዲቃላዎቹ ገና አልተቆጠሩም። ይህ ሲዲ ዩኒኮድን አያውቅም። በእሱ መጻፍ አይቻልም። ሌላ ቦታ የተሳለ ቅርጽ ተቀብሎ መቁረጥ ግን ይችላል። ስለዚህ ከጸሐፊነት ወርዶ ተላላኪ ሆነ።

በነገራችን ላይ የድሮ ፎንት ጣጣ አሁንም በየሳምንቱ ይመጣል። ደንበኛው በፍላሽ ያመጣውን ጽሑፍ ስትከፍተው የላቲን ፊደልና ነጠላ ሰረዝ ተደባልቆ ታገኛለህ። እሱ «ትናንት እቤት ደህና ነበር» ይላል። ደህና ነበር፤ ፎንቱ እሱ ቤት ስላለ። መፍትሔው አንድ ነው፤ እያነበበልን እንደገና መተየብ።

ጥር 10፣ ቅዳሜ

የፊደል ቀን። ኢንክስኬፕ ጫንኩ፤ መቶ ሜጋ ያህል ነው። ኮረልንም የሙከራ ጊዜውን ጫንኩ። ሁለቱም አማርኛውን በትክክል ጻፉት። እዚህ ላይ ልዩነት የለም።

ልዩነቱ ፎንቱ ላይ ነው። ኒያላ ከዊንዶውስ ጋር የመጣ፣ የምናውቀው፣ ለመጽሐፍ የሚያምር ፎንት ነው። ውፍረቱ ግን አንድ ብቻ ነው። ቦልድ ስትለው ጎኑን በግድ የሚያሳብጥልህ ፕሮግራም አለ። ጽሑፍ ላይ ምንም አይመስልም። ታፔላ ላይ 40 ሳንቲም ሲሆን የፊደሉ ሆድ ይደፈናል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነፃ ነው፤ ከስስ እስከ ጥቁር ዘጠኝ ውፍረት አለው፤ ጠበብ ያለም አለው። ለሥራችን የተሠራ ይመስላል። ይህን ያዝነው።

አባቴ ከሰዓት መጣ። ስክሪኑን ትኩር ብሎ አየና ዝም አለ። «አባባ፣ ምን ይላሉ?» አልኩት።

«ፊደሉ ጥሩ ነው። እርስ በርሱ ግን አይተዋወቅም» አለ።

በጣቱ አሳየኝ። በ«ም» እና በ«ግ» መካከል ያለው ክፍተትና በ«ግ» እና በ«ብ» መካከል ያለው እኩል አይመስልም። ኮምፒውተሩ በቁጥር አስተካክሏል፤ ዓይን ግን ቁጥር አያይም። በብሩሽ ሲጽፍ መጀመሪያ በጠመኔ ነጥብ ነጥብ ያደርግ ነበር። ለእያንዳንዱ ፊደል ስፋቱን ሳይሆን በጎኑ ያለውን ባዶ ቦታ ነበር የሚለካው።

ይህን በኢንክስኬፕ እንዴት እንደሚሠራ ፈልጌ አገኘሁ። በፊደሎቹ መካከል ጠቋሚውን ታስቀምጣለህ፤ አልት ይዘህ የግራ ወይም የቀኝ ቀስት ትጫናለህ። ከጠቋሚው በኋላ ያለው ጽሑፍ ቅንጣት ቅንጣት እያለ ይንቀሳቀሳል። አባቴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ትንሽ ወደዚህ። አንድ ጊዜ። በቃ!» ሲል አንድ ሰዓት አለፈ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ከኮምፒውተር ጋር እንዲህ ሲግባባ አይቼ አላውቅም።

ስለ ቁመትም ተነጋገርን። በሙያው የታወቀ መለኪያ አለ፤ ለ3 ሜትር ርቀት 2.5 ሳንቲም ቁመት። 15 ሜትር ርቆ ለሚያይ ሰው 12.5 ሳንቲም ይሆናል። አባቴ ይህን ስነግረው «እኔ መንገዱን ተሻግሬ አነበዋለሁ፤ ካልተነበበ አፈርሰዋለሁ» አለ። የላቲኑ መለኪያ ለእኛ ፊደል ትንሽ ይከብደዋል። «ጨ» እና «ጬ»ን ከሩቅ የሚለየው አንዲት ቀለበት ናት። እኔ ሩብ ያህል እጨምራለሁ።

ጥር 13፣ ማክሰኞ

ጥምቀትም ቃና ዘገሊላም አለፉ። ዛሬ ካተሩን ከኢንክስኬፕ ጋር አጋባነው። የሳምንቱ ከባድ ሥራ ይሄ ነበር።

ካተሩ የሚናገረው ኤችፒጂኤል የሚባል ቋንቋ ነው። የሂውሌት ፓካርድ ፈጠራ ነው፤ ከዘመኑ የወረቀት መሣያ ማሽኖች የመጣ። ደግነቱ ቀላል ነው። ብዕር አንሳ፣ ብዕር አውርድ፣ እዚህ ሂድ። አንድ ሚሊሜትር በ40 እርምጃ ይከፈላል። ኢንክስኬፕ ውስጥ «ኤክስቴንሽን» ከሚለው ማውጫ ፕሎት የሚል ትእዛዝ አለ፤ በቀጥታ ወደ ካተሩ ይልካል።

መጀመሪያ ስንልክ ማሽኑ ተንዘፈዘፈ። ስቲከሩን በአንድ መስመር ቦጨቀው፤ ቆመ። በዩኤስቢ ቢሰካም ኮምፒውተሩ የሚያየው ኮም ፖርት እንደሚባለው የድሮ መሰኪያ ነው። የፖርቱ ቁጥር ልክ ነበር። ፍጥነቱ ነው ያልገጠመው። ካተሩ 9600 ይጠብቃል፤ እኛ ሌላ ቁጥር መርጠናል። አንዱ ቶሎ ቶሎ ያወራል፣ ሌላው ዝግ ብሎ ይሰማል። አስተካክለን ስንልክ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ለስለስ ብሎ ሄደ።

ከዚያ «ቤ»ን በሦስት መጠን ቆረጥን። በ8፣ በ4 እና በ2 ሳንቲም።

እዚህ ላይ ጠጋ ብላችሁ እዩልኝ። የካተር ምላጭ ጫፉ ከዘንጉ መሐል ላይ አይደለም፤ ሩብ ሚሊሜትር ያህል ወደ ኋላ ይጎተታል። እንደ ጋሪ የኋላ ጎማ ነው። ፕሮግራሙ ይህን ካላወቀ ማዕዘን በሚታጠፍበት ቦታ ሁሉ ይቀጫል። ቀለበት ደግሞ ጀምሮ ዞሮ ሲመጣ መነሻው ላይ አይገጥምም። በፊት በነበረው ፕሮግራም ይህ ተስተካክሎ ስለነበር አስበንበት አናውቅም። አሁን ማስተካከያውን ዜሮ አድርገን ሞከርን። የ«ቤ» ቀለበት እንዳልተቋጠረ ክር አፉን ከፍቶ ቀረ። ረዳቴ ትርፉን ስትለቅም ቀለበቷ አብራ ተነሳች።

0.25 ሚሊሜትር አስገባን። ካለቀ በኋላም ምላጩ 1 ሚሊሜትር እንዲያልፍ አደረግን፤ ይሄ ትርፍ ቁርጥ ነው ቀለበቱን የሚዘጋው። የ8ቱ እና የ4ቱ «ቤ» ጥርት ብሎ ወጣ። የ2 ሳንቲሙ ግን ቀለበቱ ውስጥ ያለችው ቀዳዳ ሁለት ሚሊሜትር አትሞላም። በመርፌ ጫፍ ነው ያወጣናት። ረዳቴ ትንፋሿን ይዛ ነበር። «ከዚህ በታች ያለውን ጋሼ፣ ደንበኛው ራሱ ይልቀመው» አለች። ተስማምተናል። በስቲከር ከ3 ሳንቲም በታች አማርኛ አንቀበልም። ያንን ማሳተም ይሻላል።

ጥር 16፣ ዓርብ

ዛሬ ከሰርሁ።

አንድ ደንበኛ የመስታወት በር ላይ አርማውን በስቲከር ይፈልጋል። አርማውን አዲስ አበባ ያለ ዲዛይነር ነው የሠራለት። ብዙ ጊዜ አርማ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ነው የሚመጣው፤ ተጨምቆ፣ ጠርዙ ተፋፍቆ። «እንደ ፋይል ይላክልኝ» ማለት የዘወትር ጸሎቴ ነው። ይህኛው ግን ጨዋ ነው፤ ኤስቪጂ ላከልኝ፤ ፎቶ ሳይሆን መስመሩን በቁጥር የሚይዝ ፋይል ነው። «በልኩ 120 ሳንቲም ነው፤ ምንም እንዳትነካው» የሚል መልእክትም አብሮ መጣ። አልነካሁትም። በኢንክስኬፕ ከፈትኩ፣ ላክሁ፣ ተቆረጠ፣ ተለቀመ፣ ማስተላለፊያ ቴፕ ተለጠፈበት። ጠዋት ስለነበረ መስታወቱ ቀዝቅዞ ጉም ይዞታል። ጠርገን፣ አሙቀን፣ አስጠግተን ብናየው በሩ ላይ አነሰ።

ሜትር አወጣሁ። 90 ሳንቲም።

ዲዛይነሩ አልዋሸም። እሱ የሠራው በኢሉስትሬተር ነው፤ እዚያ አንድ ኢንች 72 ነጥብ ነው። ፋይሉ ሲወጣ ቁጥሩን ብቻ ይዞ ወጣ፤ መለኪያውን አልያዘም። ኢንክስኬፕ ደግሞ አንድ ኢንች 96 ነው ብሎ ያነበዋል። 72 ለ96 ሲካፈል ሦስት አራተኛ ነው። የ120 ሦስት አራተኛ 90። ኢንክስኬፕ ራሱም እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ድረስ 90 ነበር የሚጠቀመው፤ የቆየ ፋይል ሲከፈትም ሌላ ልዩነት ይመጣል።

ማንንም መውቀስ አልችልም። ሳይለካ የቆረጠው እኔ ነኝ። አባቴ ቢሰማ «ሜትር ኪስህ ውስጥ ምን ይሠራል?» ይለኛል። አልነገርኩትም።

ከዛሬ ጀምሮ አንድ ሕግ አለ። በእያንዳንዱ ፋይል ጥግ 10 በ10 ሳንቲም ካሬ እናስቀምጣለን። ስሙን «ምስክር» ብለነዋል። ፋይሉ የትም ይሂድ፣ በምንም ይከፈት፣ ምስክሩ 10 ሳንቲም ካልሆነ ምላጭ አይነካውም። ከሰው የሚመጣ ፋይል ከሆነም ዲዛይነሩን ምስክር አስገባልኝ እንላለን።

ጥር 19፣ ሰኞ

ባነር። 3 ሜትር በ1 ሜትር።

ረዳቴ በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ አዘጋጀችው። ትምህርት ቤት 300 ካልሆነ ጥራት የለውም ብለው አስተምረዋታል። ለብሮሹር እውነት ነው። በዚህ መጠን ግን ወርዱ 35,433 ፒክስል ይሆናል። ተራው የፎቶሾፕ ፋይል ከ30,000 በላይ አይችልም። በአራቱ የኅትመት ቀለም ሲቆጠር ብቻውን 1.6 ጊጋ ባይት ያልፋል። ኮምፒውተራችን ከምሳ በፊት ጀምሮ ከምሳ በኋላም አልጨረሰም። መሐል ላይ መብራት ሄደ፤ ተገላገልን።

በ100 አደረግነው። 11,811 በ3,937 ፒክስል። ባነር የሚታየው ከሦስት አራት ሜትር ርቀት ነው፤ ዓይን ልዩነቱን አያገኘውም። ማተሚያ ቤቱም «ከዚህ በላይ አታምጡብን» ነው የሚለው።

የኢንክስኬፕ ድካም ያለው ቀለም ላይ ነው። ለኅትመት የሚያስፈልገውን ባለ አራት ቀለም ፒዲኤፍ አያወጣም። የሚያወጣው የስክሪን ቀለም ነው። ማተሚያው ላይ ያለው ፕሮግራም ራሱ ይቀይረዋል፤ ያኔ ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴ የደረቀ ቅጠል መስሎ ይወጣል። ኮረል እዚህ ላይ ይበልጠዋል፤ መካድ አይቻልም። ስክራይበስ በሚባል ሌላ ነፃ ፕሮግራም አሳልፎ ማውጣት ይቻላል። እኛ ግን ሌላ ዘዴ ያዝን። የምናዘወትራቸውን 24 ቀለሞች በትናንሽ ካሬ አድርገን በባነር ትርፍ ላይ አሳተምን። ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ደንበኛ ቀለም የሚመርጠው ከእሱ ነው እንጂ ከስክሪን አይደለም።

ጥር 23፣ ዓርብ

ኮምቦልቻ ወረድኩ። በሚኒባስ፣ በሐረጎ ቁልቁለት። ደሴ ሹራብ ለብሼ ወጥቼ ኮምቦልቻ ስደርስ ክንዴ ላይ ነበር።

ሥራው ስቴንስል ነው። አንድ የእህል ነጋዴ ጆንያው ላይ በቀለም የሚረጭበት «ምስር» የሚል ማውጫ ይፈልጋል። ፋይሉን ዲኤክስኤፍ በሚባል የመስመር ሥዕል ዓይነት ይዤ ሄድኩ። ይህ ፋይል ብዙ ጊዜ ቁጥር ይይዛል እንጂ ሚሊ ይሁን ኢንች አይናገርም፤ የሚከፍተው ሰው ነው የሚመርጥለት። ባለ ሌዘሩ «ሚሊ ነው?» አለኝ። «ምስክሩን ለካው» አልኩት። 100 ሚሊ አለ። ኮራሁ።

ኩራቱ አምስት ደቂቃ አልቆየም። ሌዘሩ «ም»ን ዞሮ ጨረሰ፤ የ«ም» ሆድ ከስሱ አክሪሊክ ላይ እንደ ሳንቲም ተንከባሎ ወደቀ። ስቴንስል ላይ ፊደሉ ራሱ ቀዳዳ ነው። ሆዱን የሚይዘው ነገር የለም። ለስቲከር ስሠራ ኖሬ ረሳሁት። «ቀ»፣ «ዐ»፣ «ው»፣ «ወ» ሁሉም እንዲሁ ናቸው። የድሮ ጆንያ ላይ ያሉት ፊደሎች ለምን ተሰንጥቀው እንደሚታዩ እዚያው ቆሜ ገባኝ።

ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አስተካከልኩ። 3 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ሬክታንግል በ«ም» ላይ አቋርጦ ማስቀመጥ፣ ሁለቱን መምረጥ፣ ኮንትሮልና የመቀነስ ምልክት መጫን። ቅርጹ ይከፈላል፣ ድልድይ ይቀራል። ሁለተኛው ቁርጥ ተያዘ።

ለሌላ ሥራ ፎሬክስ የሚባል የፕላስቲክ ሰሌዳ ይዤ ነበር፤ አብሮ እንዲቆርጥልኝ። ባለ ሌዘሩ እጁን አነሳ። «ፎሬክስ ሌዘር ውስጥ አላስገባም» አለ። ልክ ነው። ፎሬክስ ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ነው። ሲቃጠል ክሎሪን ያለበት ጋዝ ይወጣዋል፤ ሳንባም ያቃጥላል፣ ማሽኑንም ያዝጋል። ስቲከርም ያው ፒቪሲ ነው። ለገንዘብ ብሎ እሺ የሚል ሰው ካያችሁ ከክፍሉ ውጡ።

ጥር 26፣ ሰኞ

ረመዳን ሊገባ ወር አልቀረውም። የምግብ ቤት ታፔላ ሥራ ይበዛል። ዛሬ የመጣችው እትዬ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ከሥሩ ደግሞ በዐረብኛ «ሐላል» ትፈልጋለች።

ዐረብኛው በኢንክስኬፕ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ተያይዞ፣ አምሮ ወጣ። ወደ ቅርጽ ስንቀይረው ግን አንድ ነገር አየሁ። የተያያዙት ፊደሎች እውነት አልተዋሐዱም፤ ጫፋቸው ተደራርቦ ነው። ዓይን አያየውም፤ ምላጭ ግን ያየዋል። እያንዳንዱን ለየብቻ ስለሚቆርጥ መጋጠሚያው ላይ ሽንሽን ያደርገዋል። ሁሉንም መርጦ ማዋሐድ ያስፈልጋል፤ ኮንትሮልና የመደመር ምልክት። ከመላካችን በፊት ኮንትሮልና 5 ተጭነን በመስመር ብቻ እናየዋለን። መስመር መስመርን ካቋረጠ ገና ነው።

ጥር 30፣ ዓርብ

የኮረል የሙከራ ጊዜ አለቀ። መወሰን ነበረብኝ።

ኢንክስኬፕን ያዝን። ነፃ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ነፃ ሆኖ ካተሬን ባያናግር አልይዘውም ነበር። የያዝኩት ፊደሉን ስለሚጽፍ፣ ካተሩ ላይ ስለሚደርስ፣ ኮምፒውተሩ ነገ ቢሞት ከሰዓት ሌላ ላይ ስለሚጫን ነው። ረዳቴም ቤቷ ባለው ላፕቶፕ ላይ ጭናዋለች፤ ማታ ማታ ትለማመዳለች። ክራክ ቢሆን ይህን ማንም አያበረታታም።

የጎደለኝን ደግሞ ልናገር። ቀለሙን ተናግሬያለሁ። ከባድ ፋይል ላይ ያቃስታል። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ኮረል ነው የሚያውቀው፤ ሁለት ሳምንት ማስተማር አለብኝ። ትልቁ ግን የድሮ ፋይሎቻችን ናቸው፤ ስምንት ዓመት ሙሉ በኮረል የተሠሩ። ኢንክስኬፕ የኮረልን ፋይል ይከፍታል፤ እንዴት እንደሚከፍት ግን ማየት ነበረብኝ። 14 ፋይል መርጬ ሞከርኩ። 11ዱ ደህና ናቸው። ሁለቱ ላይ ቀለሙ የሚደበዝዝበት ቦታ ጠፋ። አንዱ ላይ ጽሑፉ ከቦታው ሸሽቶ ስልክ ቁጥሩ አርማው ላይ ወጣ።

ስለዚህ ተራ በተራ እየከፈትን፣ በምስክር እያስተካከልን፣ እንደገና እናስቀምጣለን። ደንበኛው ሲመለስ ብቻ ነው የምንሠራው፤ ሁሉንም ላድስ ብል ፋሲካ ይደርሳል። የራሳችን ማተሚያ የገዛን ቀን ኮረልን በሕጋዊ መንገድ እንገዛለን። ያኔ ቀለሙ የእኔ ጉዳይ ይሆናል።

አባቴ ውሳኔውን ሲሰማ «ያ በቀስት የሚገፋው ነው?» አለ። አዎ አልኩት። «እንግዲያማ ጥሩ» ብሎ ቡናውን ጠጣ።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

የእትዬ ታፔላ ትናንት ተሰቀለ። አባቴ መንገዱን ተሻግሮ አነበበው። ተመለሰና «አላፈርሰውም» አለ።

ረዳቴ መጀመሪያ የቆረጥነውን ቀይ ምስክር፣ 10 በ10 የሆነውን፣ የሱቁ መስታወት ላይ ለጥፋዋለች። ለማስታወሻ ነው አለች። ዛሬ ጠዋት አንድ ሰውዬ ገባ። መስታወቱን አየ፣ እኔን አየ።

«ካሬው ስንት ነው?» አለ።

የባነር ዋጋ በካሬ ሜትር መጠየቁ ይሁን የምስክሩን፣ እስካሁን አልገባኝም። የባነሩን ነገርኩት። «ለዚች?» ብሎ ወጣ።